የምግብ ሥልጠናው ምድጃ ይለኮስበት

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ኑሮ ውድነትም ስለ ሕፃናት መቀንጨርም በየጊዜው ታስነብቡናላችሁ። ሁለቱ የሚገናኙበት የቤተሰቡ ድስት ግን እምብዛም አይነሳም። እኛ በሰፈር ደረጃ የምግብ ዝግጅት የምናሠለጥን ሰዎች ነን። ይህን የምንጽፈው በየወረዳውና በየጤና ጣቢያው «የተመጣጠነ አመጋገብ» ተብሎ ከሚሰጠው ሥልጠና ብዙው አንድም ድስት ሳይጣድበት ስለሚያልቅ ነው። እንቁላል፣ ወተት፣ ሙዝና ሥጋ የተሳለበት ወረቀት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ገለጻ ይደረጋል፣ አበል ይከፈላል። ተሳታፊዋም ቤቷ ገብታ ያንኑ ወጥ በዚያው ዘይት ትሠራለች። አይፈረድባትም፤ የተነገራት አቅሟ ስለማይፈቅደው ምግብ ነው።

የመመሪያ እጥረት የለብንም። በ2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ቃል ገብቷል። በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አገሪቱ የመጀመሪያውን የአመጋገብ መመሪያዋን አውጥታለች። የጎደለው መመሪያውን ወደ ሽሮ፣ ወደ ምስርና ወደ ጎመን የሚያወርድ ሰው ነው።

የሰፈር ሥልጠና ከጾም ምግብ ቢጀምር ይሻላል እንላለን። ምክንያታችን ሃይማኖት አይደለም። ክርስቲያንና ሙስሊም አብረው በሚሠለጥኑበት ሰፈር ሥጋ ከመጣ የማን እርድ ነው የሚለው ይከተላል፤ ግማሹ ሰው ሳይቀምስ ይወጣል። ያልቀመሰውን ወጥ ደግሞ ቤቱ ወስዶ የሚሞክር የለም። በዚያ ላይ የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ስለሚጾም የተማረውን የሚሠራበት ቀን አያጣም። ዋናው ግን ዋጋው ነው። አንድ ኪሎ ምስር ውስጥ 240 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለ፤ አንድ እንቁላል የሚሰጠው ስድስት ግራም ያህል ነው። ያን ያህል ፕሮቲን ከእንቁላል ለማግኘት 40 እንቁላል ይጠይቃል። የ40 እንቁላልና የአንድ ኪሎ ምስር የዕለቱ ዋጋ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ይጻፍ፤ ከዚያ በኋላ ገለጻ አያስፈልግም። ምስሩ የሚያንሰው የፕሮቲን ዓይነት እንጀራው ውስጥ ስላለ ሁለቱ አብረው ሲበሉ ይሟላሉ። ከእንስሳት ተዋጽኦ ውጭ በአስተማማኝ የማይገኘው ቫይታሚን ቢ12 ነው። ስለዚህ በፍስክ ቀን የምትገኘው ጥቂት እንቁላልና ወተት ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ትቅደም።

ለአንድ ዙር ከ15 እስከ 20 ሰው ይበቃል፣ ለአራት ወይም ለአምስት ሰው አንድ ምድጃ። ከዚያ ከበዛ ሦስቱ ያበስላሉ፣ የቀሩት ያወራሉ። ከሰሉ ሰዎቹ ከመድረሳቸው ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይቀጣጠል፤ በርና መስኮት ደግሞ ወለል ይበል። የተዘጋ አዳራሽ ውስጥ አራት የከሰል ምድጃ ማንደድ አደጋ ነው፣ የሚገድለው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም። ሚዛን ቢኖር ደግ ነበር፤ ግን እቤት ስለሌለ በሥልጠናውም ላይ ባይለመድ እንመርጣለን። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ፣ የሾርባ ማንኪያና የሻይ ማንኪያ ይበቃሉ። ሲኒ እንደየቤቱ ስለሚለያይ ሃይላንዱ ስንት የራሷን ሲኒ እንደሚሞላ እያንዳንዷ መጀመሪያ ትቁጠር።

የመጀመሪያው ትምህርት የዘይት ነው። ማንም ምንም ሳይነገረው፣ ቤቱ እንደለመደው ለአንድ ድስት የሚያደርገውን ዘይት ብርጭቆ ውስጥ ያፍስስ፤ ከዚያ በሾርባ ማንኪያ ይቁጠረው። አንድ ማንኪያ 14 ግራም ገደማ ነው፣ 120 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። ለአምስት ሰው ወጥ ሦስት ማንኪያ በቂ ነው። ይህን የሰሙ ሁሉ «እንዴት ይሆናል?» ማለታቸው አይቀርም፤ ስለዚህ ወዲያው ይሠራ።

ለአምስት ሰው 400 ግራም ምስር፣ አራት መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ አምስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ሦስት ማንኪያ ዘይት፣ አንድ ሊትር ተኩል የፈላ ውኃና ያልሞላ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ይያዝ። በደቃቁ የተከተፈው ሽንኩርት ያለ ዘይት፣ በመጠነኛ እሳት ይቁላላ። መያዝ ሲጀምር አንድ ማንኪያ ውኃ ጠብ እያደረጉ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ማማሰል ነው። ሽንኩርቱ የራሱን ውኃ ጨርሶ ሲልም ሁለት ማንኪያ ዘይት ይግባ፤ ሦስተኛዋ ትቀመጥ። ቀጥሎ በርበሬው ከሦስት ማንኪያ ውኃ ጋር ይገባና እሳቱ ተቀንሶ ሌላ 10 ደቂቃ ይቁላላ። ነጭ ሽንኩርቱ እዚህ ላይ ይጨመራል። ውኃው ገብቶ ሲፈላ የታጠበው ምስር ይከተላል። ክክ ከሆነ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ፣ ድፍን ከሆነ 40 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ጨውና የተቀመጠችው አንድ ማንኪያ ዘይት በመጨረሻው 10 ደቂቃ ይገባሉ። እያንዳንዱ ሰው ከዚህ ድስት 19 ግራም ያህል ፕሮቲን ይደርሰዋል።

የመጨረሻዋን ማንኪያ የምናስቀምጠው በምክንያት ነው። ዘይት ያልተንሳፈፈበት ወጥ እንግዳ ፊት ያሳፍራል፤ የባለቤቷ ሙያ በዘይቱ ይለካል። ይህን «አላዋቂነት» ብሎ የሚያልፍ አሠልጣኝ ሰሚ አያገኝም። መጀመሪያ የገባ ዘይት ወጡ ውስጥ ይጠፋል፤ መጨረሻ ላይ የገባችው አንዲት ማንኪያ ግን ላዩ ላይ ትቀራለች፣ ታብረቀርቃለች። ውፍረቱን የሚሰጠው በደንብ የተቁላላ ሽንኩርት ነው።

ከዚህ የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። በርበሬ ያለ ውኃ በጋለ ዘይት ላይ ከገባ በቅጽበት ያርርና ይመርራል። ምሬቱን የሚያወጣው ነገር የለም፤ ብዙ ሰው ግን ሊሸፍነው ብሎ ዘይት ይጨምርበታል፣ የዘይቱ ወጪ የሚንረው አንዱ በዚህ ነው። ሁለተኛው ምስሩ ውኃው ሳይበቃው ወይም እሳቱ ሳይቀነስ ከሥር ሲይዝ ነው። ከያዘ አይፋቅ፤ የድስቱ ሥር ሳይነካ ላይ ላዩ ወደ ሌላ ድስት ይገልበጥና የፈላ ውኃ ይጨመርበት። ሽሮ ላይ የሚያስቸግረው መጓጎሉ ነው። ደረቁን ዱቄት የፈላ ውኃ ላይ ከመበተን ይልቅ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጦ ማስገባት ይሻላል። ለ200 ግራም ሽሮ አንድ ሊትር ከሩብ ያህል ውኃ፣ በቀስታ እሳት ግማሽ ሰዓት። ቶሎ የወጣ ሽሮ ጥሬ ጥሬ ይላል፤ ያንንም ሰው የሚያስተካክለው በዘይት ነው።

ጨው ላይ ሒሳቡ ቀላል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይመክራል፣ ይህም አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት በወር 750 ግራም ማለት ነው። አንድ ኪሎ ጨው ወር ሳይሞላው የሚያልቅበት ቤት ከልኩ በላይ እየበላ ነው። ዳቦው፣ በርበሬው፣ ሚጥሚጣውና የሾርባ ቅመም የሚባለው ኩብ ገና አልተቆጠሩም። ኩቡ አብዛኛው ጨው ነው፤ እሱ የገባበት ወጥ ሌላ ጨው አያሻውም። የተዘጋጀ ሽሮና በርበሬም ሲፈጭ ጨው ስለሚገባበት መቅመስ ይቀድማል። ወጡ ሲንተከተክ ውኃው ይቀንሳል፣ ጨው ግን አይቀንስም፤ ጨው መጨረሻ ይግባ የምንለውም ለዚህ ነው። ለአዮዲኑም የሚበጀው እንዲሁ ነው። አዮዲን ያለው ጨው ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ፣ ከምድጃው ርቆ ይቀመጥ።

ባቄላ፣ ሽምብራና ቦሎቄ ማታ ይዘፈዘፉ፣ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ያህል ይቆዩ። የተዘፈዘፉበት ውኃ ይደፋ። ይህ ከሰል ይቆጥባል፣ ሆድ መንፋትንም ይቀንሳል። ቲማቲም ወይም ሎሚ ጥራጥሬው ሳይበስል ከገባ ቅርፊቱን ያጠነክረዋል፤ ለሰዓታት ቢፈላም አልበስል የሚል ቦሎቄ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው፣ ወይም ደግሞ ዓመት ያለፈው ነው። ቶሎ እንዲበስል ሶዳ መጨመር የተለመደ ቢሆንም ቫይታሚን ቢ1ን ስለሚያጠፋ አንመክረውም። ቀይ ቦሎቄ ከተዘፈዘፈ በኋላ በአዲስ ውኃ ቢያንስ 10 ደቂቃ መንተክተክ አለበት፤ በለሰለሰ እሳት ብቻ ግማሽ የበሰለ ቀይ ቦሎቄ ኃይለኛ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል። ፕሬዠር ያላት ጥራጥሬ ስታበስል ከግማሽ በላይ አትሙላው፣ አረፋው የእንፋሎቱን መውጫ ይደፍነዋል።

ርካሽ ምግብ በሚያስተምር ሥልጠና ላይ የጓያ ነገር ሳይነሳ መታለፍ የለበትም። ድርቅ የማይበግረው፣ ዋጋውም የሚቀል እህል በመሆኑ ከሽሮ እህል ጋር ይቀላቀላል። ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ ግን እግርን ሽባ የሚያደርግ፣ የማይድን በሽታ ያመጣል። ሽሮዋን ራሷ የምታስፈጭ ሴት እህሉን አይታ ትግዛ፤ ጓያ ከሽምብራና ከአተር በጠፍጣፋና ማዕዘን ባለው ቅርጹ ይለያል። ሌላ አማራጭ የሌለው ቤት ዘፍዝፎ ውኃውን እየደፋ፣ ከሌላ እህል ጋር እያቀላቀለ መርዙን መቀነስ ይችላል፤ ጨርሶ ግን አይጠፋም። የሻገተ ኦቾሎኒና በርበሬም እንዲሁ ነው። መቁላት የሻጋታውን መርዝ አያጠፋውም፤ ቅናሽ ነው ተብሎ አይገዛም።

ጎመን ከመከተፉ በፊት ይታጠብ። ተከትፎ የሚዘፈዘፍ፣ ተቀቅሎም ውኃው የሚደፋ ጎመን ቫይታሚን ሲውንና ፎሌት የሚባለውን ቫይታሚን ከውኃው ጋር ይሰጣል። ከእጥበቱ በቀረው እርጥበትና በጥቂት ውኃ፣ ድስቱ ተከድኖ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። አንድ ማንኪያ ዘይት እዚህ አይከልከል፤ የጎመን፣ የካሮትና የዱባ ቫይታሚን ኤ ያለ ቅባት ወደ ሰውነት በደንብ አይገባም። ዘይት ጠላት ነው የሚል ትምህርት ሕፃናትን ይጎዳል። ቃሪያና ሎሚ ደግሞ ጥሬያቸውን፣ ወጡ ሳህን ላይ ከወጣ በኋላ ይቅረቡ፤ በምስርና በጎመን ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዲቀበለው ያግዛሉ። ቡናና ሻይ ተቃራኒውን ስለሚሠሩ ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆዩ። ይህን ስንናገር ሰው ፊቱን ያጠቁራል፤ ሆኖም ነፍሰ ጡሮች እንኳ ቢሰሙ ብዙ ነው። እንጀራም ላይ አንድ ቃል፦ ሁለት ሦስት ቀን የቦካ ሊጥ ብረቱን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት ይቀንሳል፣ ስለዚህ አፍለኛ እንጀራ በዚህ በኩል ይበለጣል።

የሕፃናት ምግብ ራሱን የቻለ አንድ ቀን ይፈልጋል። በየቤቱ የሚዘጋጀው «ምጥን» ብዙ ጊዜ ዐሥርና ዐሥራ ሁለት ዓይነት እህል አንድ ላይ ተቆልቶ የሚፈጭ ነው። የዓይነቱ ብዛት የሚጨምረው ጥቅም ትንሽ ሲሆን ችግሩ ግን ብዙ ነው፤ ትንሹ እህል ሲያርር ትልቁ ጥሬውን ይቀራል። ሦስት እጅ ጤፍ፣ ገብስ ወይም በቆሎ፣ አንድ እጅ ሽምብራ፣ ባቄላ ወይም አኩሪ አተር ይበቃል፣ እያንዳንዱ ለየብቻው ተቆልቶ። አኩሪ አተር በተለይ በደንብ ካልበሰለ ፕሮቲኑ እንዳይፈጭ የሚከለክል ነገር አለበት። ስድስት ወር የሞላው ሕፃን በጡጦ የሚንቆረቆር አጥሚት አይበቃውም፤ ሆዱ በውኃ ይሞላል። ገንፎው ማንኪያው ሲዘቀዘቅ ቶሎ የማይወርድ ይሁን። ከስድስት እስከ ስምንት ወር በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ከሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ እስከ ሃይላንዱ ሩብ፤ ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ አንድ ወር ሦስት አራት ጊዜ፣ የሃይላንዱን ሩብ ያህል። ላዩ ላይ የተፈጨ ጎመን ወይም ዱባ፣ ጥቂት ዘይት፣ ሲገኝ የተቀቀለ እንቁላል። ጨውና ስኳር አይግባ። ማርም ዓመት ሳይሞላ አይሰጥ።

በጾም ወቅት እናቶች እንቁላል ለሕፃኑ ከመስጠት የሚቆጠቡት ብዙ ጊዜ ሕፃኑ ይጹም ብለው አይደለም፤ ድስቱና ማንኪያው እንዳይነካካ ነው። መፍትሔው ስብከት ሳይሆን አንዲት ትንሽ ድስትና አንድ ማንኪያ ለሕፃኑ ብቻ ለይቶ መያዝ ነው። ካህናት ባሉበት ሰፈር ይህን እነሱ ቢናገሩት ከእኛ ይልቅ ይሰማል።

ማን ይጠራ የሚለው ላይ ስህተቱ የበዛ ነው። በአዲስ አበባ ብዙ ቤት የምታበስለው የቤት ሠራተኛዋ ናት፤ ሥልጠናው ላይ የምትቀመጠው ግን እመቤቲቱ። የአስቤዛውን ብር የሚሰጠው ባል፣ ወጡን የምትፈርደው አማት ናቸው፤ ሁለቱም አይጠሩም። ሠራተኛዋ እሑድ ከሰዓት ካልሆነ መውጣት አትችልም። የቀን ሠራተኛም በሥራ ሰዓት አይመጣም። አበሉም ይቅር እንላለን። አበል ያለበት አዳራሽ የሚሞላው በአበሉ ምክንያት ነው፣ ገንዘቡ ሲቆም ሥልጠናው አብሮ ይቆማል። ያንኑ ብር ለከሰል፣ ለምስርና ሕፃናቱን ጎን ላይ ለምትጠብቅ ሴት ማዋል ይሻላል።

ዕቃ የለንም የሚለው ሰበብ አያሳምነንም። በየሰፈሩ ዕድር አለ። የዕድር ዕቃ ቤት ውስጥ ድስቱ፣ ጭልፋው፣ ሳህኑ፣ በርሜሉና አግዳሚ ወንበሩ ለቅሶ እስኪመጣ ተቆልፎበት ይቀመጣል፤ ለ200 ሰው ወጥ መሥራት የሚያውቁ እናቶችም እዚያው ናቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ልኩን ትናገር፣ እነሱ እጁን ያሳዩ። የዕድር ኮሚቴዎች ዕቃውን ለዚህ ሥራ መፍቀድን በሚቀጥለው ስብሰባቸው አጀንዳ አድርገው እንዲይዙልን በጋዜጣችሁ በኩል እንጠይቃለን። ወረዳዎች ደግሞ ዙሩን ከዐቢይ ጾም ሁለትና ሦስት ሳምንት ቀደም አድርገው ቢጀምሩት ሰው የተማረውን ወዲያው ይሠራበታል።

በየቀኑ መጨረሻ ሒሳብ ይሠራ። ሽንኩርቱ፣ ዘይቱ፣ ምስሩና ከሰሉ በዕለቱ የጉልት ዋጋ ተደምሮ ለወጣው ሳህን ይካፈል። ከሰሉ ሲደመር ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ መዘፍዘፍንና ድስት መክደንን ያን ጊዜ ነው የሚያምነው።

ውጤቱን ለማወቅ መጠይቅ አያስፈልግም። ተሳታፊዋ ጀሪካኑን የከፈተችበትን ቀን በማርከር ትጻፍበት። በቀን ሁለት ድስት፣ በሦስት በሦስት ማንኪያ የምታበስል ከሆነ አምስት ሊትር ዘይት 55 ቀን ገደማ ይቆያታል። ወር ሳይሞላው ካለቀ አሠልጣኙ ቤቷ ሄዶ መጀመሪያ የሚጠይቀው ማን እንደሚያበስል ይሁን። ሌላ ሰው ከሆነች እሷ ለቀጣዩ ዙር ትጠራ።

ከአክብሮት ጋር፣
በአዲስ አበባ የሰፈር ምግብ ዝግጅት አሠልጣኞች